ብልሽቱ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብና ንብረት ክፍል የቀረበ ንግግር፣ ፍኖተ ሰላም



የሒሳብ ክፍሉ ሲጠራ ብዙዎቻችሁ የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደምትጠብቁ እናውቃለን። እሱ ከምሳ በኋላ ይቀርባል። አሁን በተሰጠን ጊዜ የምንናገረው ስለ አሮጌ መኪና ጥገና ነው። «ሴቶች ስለ መኪና ምን አገባቸው?» የሚል ካለ መልሳችን አጭር ነው፤ የጥገናው ገንዘብ የሚወጣው ከእኛ መቀነት ነው። በርበሬውን ከቡሬ ወደ ገበያ የሚያደርሰው መኪና ሲቆም፣ በብድር የገዛናት ባጃጅ አልነሣም ስትል፣ የሟች ባል መኪና በግቢ ውስጥ ሲዝግ፣ ወጪውና ኪሳራው የሚመዘገበው እኛ መዝገብ ላይ ነው።

እኛ መካኒኮች አይደለንም። ከመካከላችን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመኪና ጥገና የተማረች አንዲት ወጣት አለች፤ ሌሎቻችን የሒሳብ፣ የንግድና የእርሻ ሰዎች ነን። ዛሬ የምንነግራችሁን የተማርነው ከአንድ ቮልስዋገን ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አሮጌ ቮልስዋገናቸው ከግቢያቸው ዛፍ ሥር ቆማ ቀረች። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማንም አልነካትም። አንድ ሰው ከበር ላይ ሆኖ አይቶ «ሞተሩ ነክሷል፣ አለቀ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ገዢ ነን ያሉ ሰዎች ተራ በተራ መጡ። የሚጠሩት ዋጋ የቁራጭ ብረት ዋጋ ነበር። እናታችን ልጆች ያስተምራሉ፤ የቤት ኪራይ የለባቸውም እንጂ ሌላው ሁሉ አለባቸው። እኛ ዘንድ የመጡት የሽያጭ ውል እንድናጽፍላቸው ነበር።

ውሉን ከመጻፋችን በፊት አንድ ነገር ጠየቅናቸው፤ «ሞተሩ መንከሱን ማን አረጋገጠ?» አሉን፤ «ሰው ሁሉ ይላል።» ማን አዞረው? ማንም። ማን ከፈተው? ማንም። እኛ በሒሳብ ሥራችን ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አንቀበልም። ያልተመረመረ ሞተርም ለእኛ ደረሰኝ እንደሌለው ወጪ ነው። ስለዚህ ውሉን ትተን ወደ ግቢያቸው ሄድን።

እዚህ ላይ ስለ መኪናዋ ጥቂት እንበል፤ ምን እንደሆነች የማያውቅ ሰው ዋጋዋንም አያውቅምና። ቮልስዋገን፣ እኛ ቮልስ የምንላት፣ በጀርመን አገር ፈርዲናንድ ፖርሸ የነደፋት መኪና ናት። መሠራት የጀመረችው በፈረንጆቹ 1938 ሲሆን የመጨረሻዋ የወጣችው በ2003፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1995 ዓ.ም.፣ በሜክሲኮ ፑየብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በአገራችንም ታሪክ ውስጥ ስሟ አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ነድቷታል። ዛሬም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንደ ልብ ትታያለች።

ይህን ያህል ዘመን የቆየችው ቀላል ስለሆነች ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ውኃም ራዲያተርም የላትም። ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዙት 4 ብሎኖች ናቸው። ኮምፒዩተር የላትም። ብልሽቷን ዐይን ያየዋል፣ ጆሮ ይሰማዋል፣ አፍንጫም ያሸተዋል። ቤት ውስጥ ለመማር ከዚህ የተሻለ መኪና አላገኘንም።

ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ለማስገባት የሚከፈለውን ቀረጥ እጅግ ከፍ አድርጎታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለ፣ የሚነሣ፣ ሰነዱ የተሟላ አሮጌ መኪና እንግዲህ ቁራጭ ብረት አይደለም። ገዢዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። የማያውቁት እናታችን ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቅደም ተከተሉን ያዙልን።

መጀመሪያ እጃችንን ከማስገባታችን በፊት ጠየቅን፤ መልሱንም በደብተር ጻፍን። መኪናዋ መጨረሻ ጊዜ እንዴት ቆመች? በድንገት ጠፋች ወይስ እየተንገጫገጨች? በሙቀት ነው በቅዝቃዜ? ምን ሸተተ? ምን ድምፅ ነበረ? ይህ ወሬ አይደለም፤ ግማሹ ምርመራ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ምልክት እንደ መብራት ድርግም ብሎ የጠፋ ሞተር ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከኤሌክትሪክ ነው። እየተንገጫገጨ፣ እያነቀው፣ ተነሣሁ ተኛሁ እያለ የቆመ ግን ብዙውን ጊዜ ቤንዚን አጥሮታል። እናታችን ያስታወሱት ባለቤታቸው ከገበያ ሲመለሱ መኪናዋ «እየሳለች» እንደነበር ነው። ደብተራችን ላይ የመጀመሪያው መስመር ይህ ሆነ፤ «ትስል ነበር።» የነከሰ ሞተር አይስልም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ይዞር እንደሆነ አየን። ረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር በሞተሪኖ በጉልበት አይነሣም። አራቱን ካንዴላዎች ፈታን፤ የትኛው ሽቦ ከየትኛው እንደወጣ እንዳይምታታ በየሽቦው ላይ ቁጥር አሰርን። በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገን አሳደርነው። በማግሥቱ በዲናሞው መዘውር ላይ ባለው ብሎን 21 ቁጥር ቁልፍ አስገብተን በእጅ አዞርነው። ቺንጋው ሞተሩን ይዞ ዞረ። ያ ሁሉ ሰው «ነክሷል» ያለው ሞተር ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ውስጥ አለመንከሱ ታወቀ። እናታችን ቡናውን እየቀዱ ነበርና ጀበናውን አስቀምጠው መጥተው በእጃቸው አዞሩት።

ሦስተኛ፣ ባትሪውን አየን። በቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የቆዩት ቮልሶች 6 ቮልት፣ የኋለኞቹ 12 ቮልት ስለሆኑ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ባትሪ ለመፈተን ሜትር ባይኖር የፊት መብራቱን አብርቶ ሞተሪኖውን ማስነሣት ይበቃል። መብራቱ እጅግ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ጫፎቹ ቆሽሸዋል። መብራቱ ደምቆ ሞተሪኖው ዝም ካለ ችግሩ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ሽቦ ወይም በራሱ በሞተሪኖው ላይ ነው። ብዙ ሰው «ባትሪ ሞተ» ብሎ አዲስ የሚገዛው በጫፎቹ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት ሳያጸዳ ነው። በመጀመሪያ የባትሪውን ሽቦዎች ፍቱ፣ ዝገቱን በሙቅ ውኃና በብሩሽ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ በኋላ ስለ መግዛት እናወራለን።

አራተኛ፣ ብልጭታ። አንድ ቤንዚን ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ብልጭታ፣ ቤንዚንና መጭመቅ። ሦስቱን አንድ በአንድ እንጂ አንድ ላይ አትመርምሩ። ብልጭታን ከቤንዚን በፊት መርምሩ፤ የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ ብልጭታ መፈተን እሳት መጫር ነው። ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አገናኝታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት። በባዶ እጅ አትያዙት፤ እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ ያዙት። አንዷ ሞተሪኖውን ታስነሣ። ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ ጠቅ ካለ ደህና ነው። ደካማ ቢጫ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ሂዱ። ክዳኑን ስትከፍቱ ውስጡ ፑንቲና የሚሏት፣ ሞተሩ ሲዞር የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ነገር አለች። ፊቷ ተቃጥሎ ወይም ዝጎ ከሆነ ብልጭታ አይኖርም። ክፍተቷ ሙሉ በሙሉ ስትከፈት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። የእናታችን መኪና ፑንቲና አረንጓዴ ዝገት ለብሳ ነበር። በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት አጸዳናት፣ ክፍተቷን አስተካከልን፣ ብልጭታው መጣ። ወጪው የወረቀቱ ዋጋ ነው።

የተፈታውን ካንዴላም ሳታዩ አትጣሉት። ካንዴላ የሞተሩ ምላስ ነው። ጫፉ እንደ ፈዘዘ ቡና ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። በዘይት ከረጠበ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ሞቋል። ደግሞ አገራችን ደጋና ወይና ደጋ ነው። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ጉልበት የሚያንሰው፣ ቤንዚን የሚበላው ሁልጊዜ ሞተሩ ስላረጀ አይደለም፤ ካርቡራቶሩ ለዚህ ከፍታ ስላልተስተካከለም ይሆናል።

አምስተኛ፣ ቤንዚን። ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ቱቦ ፈታችሁ በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ። ብልጭታ እንዳይኖር የመሐሉን የዲስትሪቢዩተር ሽቦ አስወግዱ። ከዚያ ሞተሪኖው ሲዞር ቤንዚኑ እየተመታ ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ካልመጣ ወደ ኋላ እየተከተላችሁ ሂዱ፤ ፓምፑ፣ ቱቦው፣ ማጣሪያው፣ ከፊት ያለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ። በእናታችን መኪና የመጣው ቤንዚን እንደ ቀለም የሚሸት ዝቃጭ ነበር። «ትስል ነበር» የተባለው ይኸው ነው። ቤንዚን ለብዙ ወራት ሲቀመጥ ይበላሻል፤ ሙጫ ይሠራል፤ የካርቡራቶሩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ማጠራቀሚያውን አራገፍን፣ ካርቡራቶሩን ፈትተን አጠብን፣ ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርን። እዚህ አካባቢ ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን የምንገዛበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጣርታችሁ ቅዱ። ውኃና ቆሻሻ ከታች ይዘቅጣልና የጠርሙሱን የመጨረሻ ጉንጭ አትጨምሩ።

ስድስተኛ፣ መጭመቅ። ሞተሩን በእጅ ስታዞሩት በሁለት ዙር ውስጥ አራት ጊዜ እንደ መተንፈስ ያለ መቋቋም ይሰማችኋል። አራቱም እኩል ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። አንዱ ከላላ ቫልቩ በደንብ አልተዘጋም ማለት ሊሆን ይችላል። የቮልስ ቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ በ0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። ጠዋት ከመነሣቷ በፊት እንጂ ከመንገድ ገብታ አይሞከርም። ከፑንቲናውና ከቫልቩ ጋር የምትለኩበት ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያ ከሁሉ መሣሪያ የረከሰና ከሁሉ የጠቀመን ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ መኪናዋ ተነሣች። ጠብ ያደረግነው ዘይት እየተቃጠለ ግቢውን በጭስ ሞላው። ጎረቤት እሳት መስሎት ሮጦ መጣ።

እዚህ ላይ ስለ እሳት በቁም ነገር እንናገር፤ ብር ይተካል፣ ሰው አይተካም። የቮልስ የቤንዚን ቱቦ ከሞተሩ በላይ ያልፋል። ቱቦው ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ በጋለ ሞተርና በብልጭታ ላይ ይንጠባጠባል። አሮጌ ቮልሶች ከሚቃጠሉባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ሲደፉበት ይብሳል። አጠገባችሁ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ በባልዲ ይኑር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቱቦውን በየጊዜው ጎንበስ ብላችሁ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ቀይሩት። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪም ክዳን ይኑረው፤ የወንበሩ ሽቦ ሲረገጥ ወርዶ ሁለቱን ጫፍ ከነካ ወንበሩ ይነዳል።

ለሴቶች ለእኛ ደግሞ የሚጨመር አለ። መኪና ስንነካ ነጠላችንን እናወልቃለን፣ ሻሻችንን አጥብቀን እናስራለን፣ አምባርና ቀለበት እናወጣለን። የሚዞር ቺንጋ ነጠላ አይለይም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ድንጋይ ደራርቦ ማስደገፍም አይበቃም፤ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ይሰነጠቃል። ወፍራም ግንድ ከሥሩ ይግባ፣ የቀሩት ጎማዎች ይታገዱ። በር በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሣ፤ ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል።

ቤት የማንነካቸውም አሉ። ፍሬንና መሪ ወደ መካኒክ ይሂዱ። የፍሬን ዘይት ማነሱን ማየት፣ ጎማ ዙሪያ መርጠቡን ማየት የእኛ ሥራ ነው፤ መፈታታቱ ግን የባለ ሙያ ነው። የምናወራው መካኒክን ለመሸሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት መካኒክ በሁለተኛው ቅዳሜ መጥተው ካርቡራቶሩን ሲያጥቡ አጠገባቸው ተቀምጠን ተምረናል፤ ዋጋ አልጠየቁንም፤ የጠየቁን ደብተሩን እንድናሳያቸው ብቻ ነበር። ምን እንደ ተመረመረ ጽፎ የሚመጣ ደንበኛ ጥሩ መካኒክን ያስደስታል። የሚያስከፋው ሌላውን ነው።

ቃላቱንም አትፍሩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ቦሎ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የገቡ ናቸው። ጋራዥ ስንገባ ሰዎች በማናውቀው ቋንቋ የሚያወሩ የሚመስለን ለዚህ ነው። አባቶቻችን ሰምተው እንደ ተማሯቸው እኛም ሰምተን እንማራቸዋለን።

መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ያለው ትንሽ ትንሽ ጥንቃቄ ነው። የቮልስ ሞተር 2.5 ሊትር ያህል ዘይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ትንሽ ሲጎድል ትልቅ ጉዳት ነው። በየቀኑ ጠዋት መለኪያ ዘንጉ ይታይ። ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር፤ ከአስፋልት ወጥቶ በአቧራ ለሚውል ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ። የወረቀት ማጣሪያ የላትም፤ ከሥር ያለውን ወንፊት አጥቦ መመለስ ነው። በመንገድ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ «ባትሪ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» ብላችሁ አትንዱ። በቮልስ ላይ ዲናሞውንም የማቀዝቀዣውን ነፋስ መንፊያም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ነፋስ የለም፤ ነፋስ ከሌለ ሞተሩ ይነዳል። ወዲያው ቁሙ፣ አጥፉ፣ የኋላውን ኮፈን ክፈቱ። ትርፍ ቺንጋ ያልያዘ ቮልስ ከጅጋ እስከ ቡሬ እንኳ አይሂድ።

አሁን ወደ እኛው ሙያ፣ ወደ ደብተሩ እንመለስ። ለእያንዳንዱ መኪናና ባጃጅ አንድ ደብተር እንዲኖር እንጠይቃለን። ሰባት ዓምድ ይበቃል፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የታየው ምልክት፣ የተገኘው ብልሽት፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ዋጋው፣ የሠራው ሰው። ደብተሩ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይገዛም። ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ልከን ያመጣነው ዕቃ ሳይገጥም ሲቀር ኪሳራው የዕቃው ብቻ አይደለም፤ የመንገድና የቀን ጭምር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ የሚላክ ሰው አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይያዝ፤ ከኋላ ወንበር ሥር የተመታውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተሩን ቁጥርም በወረቀት ጽፎ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ መቼ መሸጥ እንዳለብን ደብተሩ ይነግረናል። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፤ አንድ መኪና በዓመት ለጥገና 24,000 ብር ወስዶ 120 ጊዜ ቢመላለስ ለአንድ ምልልስ የጥገናው ወጪ 200 ብር ነው። በላዩ ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ቦሎውን ጨምሩ። ድምሩ ያንኑ ዕቃ በኪራይ ከማመላለስ ከበለጠ፣ መኪናው የቱንም ያህል ብንወደው እየበላን ነው። ካነሰ ደግሞ «አሮጌ ነው» ብሎ የሚያጣጥለውን አንስማው። የመኪና ዕድሜ በዓመት ብቻ አይቆጠርም፤ በደብተርም ይቆጠራል።

የእናታችን ነገር የት ደረሰ ትሉ ይሆናል። መኪናዋን ሸጧት። አንዳንዶቻችን ብትቀር ደስ ባለን ነበር፤ ውሳኔው ግን የእሳቸው ነው፤ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ ልጆቹም ገና ናቸው። ነገር ግን አሸጣጡ ሌላ ሆነ። በመጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አወጡ። ሊብሬው በሟች ስም እንዳለ «ፈርሚ፣ ሌላውን እኛ እንጨርሳለን» ለሚል ገዢ አንዲትም አባል እንዳትፈርም አደራ እንላለን። ከዚያ መኪናዋን ለገዢ ፊት ለፊት አስነሥተው፣ ደብተሩን ገልጠው፣ ምን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ቀረ ተናገሩ። ፍሬኗ ሥራ እንደሚፈልግም አልደበቁም። ዋጋውን የጠሩት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ከተጠራላቸው ጋር አይወዳደርም። ከፊሉ ዛሬ በእኛ የቁጠባ መዝገብ ላይ በስማቸው ተቀምጧል፤ ከዚህ በላይ የመናገር ፈቃድ የለንም።

ይህ የቮልስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባጃጅም ካንዴላ አላት፣ ባትሪ አላት፣ የቤንዚን ቱቦ አላት። የውኃ ፓምፕም፣ ወፍጮም፣ ጄኔሬተርም እንዲሁ። ምርመራው አንድ ነው፤ ጠይቅ፣ ጻፍ፣ ከማይከፈልበት ጀምር፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጠህ እይ፣ ከዚያ ግዛ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው መኪናው ቢነሣለት እንኳ የትኛው እንዳስነሣው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሁለቱንም ይገዛል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ አንድ የጋራ የመሣሪያ ሳጥን ይኑረው፤ ከ10 እስከ 21 ቁጥር ያሉ ቁልፎች፣ ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የክፍተት መለኪያ፣ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ሜትር፣ ጥሩ ክሪክና የእሳት ማጥፊያ። ሣጥኑ በንብረት መዝገብ ይግባ፣ እንደ ድስትና ሰፌዳችን በፊርማ ይዋሳል። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ተራ በተራ በአንዲት አባል ግቢ እንሰብሰብና የቆመ ነገር እንመርምር። ቡናው ከባለ ግቢዋ፣ ደብተሩ ከእኛ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። አዲስ መኪና አንጠይቃችሁም። ያንን ሳጥን ብታግዙን በየግቢው የቆመው ንብረት ምን ያህል እንደሚያወጣ ራሳችን እናውቃለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤም በደብተር አስደግፈን እናሳያችኋለን።

ሐሳቡ ከምሳ በኋላ በእጅ ብልጫ ይወሰናል። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን።